የቃጫ ሣጥን ይዤ ወደ ሳሃብ

«ሣጥንሽ ይሸታል» አለችኝ ሩላ፣ ፊት ለፊቴ። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለ ስለነበር ያልገባኝ መስዬ ማለፍ አልቻልኩም። ክዳኑን እንደገና ከፈተች፣ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ መልሳ ዘጋችው። «በጣም ቆንጆ ነው። ግን ይሸታል። ይኼን ለሙሽራ አልሰጥም።»

ይህን ያለችኝ ሐሙስ ዕለት ነው፣ ዮርዳኖስ በገባሁ ማግስት። እዚያ አገር ሄዳችሁ ለማታውቁት፣ ምናልባትም ለማትሄዱት፣ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ማክሰኞ

የምሠራው ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለች አንዲት ቤት ውስጥ ነው። ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ እንቀቅላለን፣ እንወቅጣለን፣ በወንፊት ላይ ዘርግተን እንደ ወፍራም ወረቀት እናደርቀዋለን። ከዚያ ሣጥን ይሆናል። ቀለሙ ማር ይመስላል፣ ክዳኑ ውስጡ በደረቀ ኮባ ይለበጣል፣ የሚጣበቀውም በቡላ ነው። ላስቲክ የሚባል ነገር የለበትም። አፈር ላይ ብትጥሉት ዝናብ ሲመታው አፈር ይሆናል።

ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ ከአማን ዳር፣ ሳሃብ በሚባል ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የጣፋጭ ፋብሪካ ይህን ሰምቶ ጠራን። እነሱ አገር ሠርግ ላይ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። በስኳር የተለበጠ ለውዝ በሚያምር ሣጥን ይሰጠዋል። ሣጥኑ እስካሁን ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ ነበር፤ ፋብሪካው ሊተወው ፈልጓል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብርነሽ ጉልበታቸው አላራምድ ስላላቸው እኔን ላኩኝ። «አንቺ ፊት ለፊት ትናገሪያለሽ፣ ነጋዴ የሚሽኮረመም ሰው አይወድም» አሉ። ሌላውን ሳይነግሩኝም አውቀዋለሁ። ትእዛዙ ከመጣ ቤቱ ይቀጥላል። ካልመጣ ከክረምቱ በፊት ይዘጋል፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶችም ቃጫቸውን ለገመድ ነጋዴ ወደ መሸጥ ይመለሳሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢል እምቢ አልኩት። እንቁላል ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሣጥን ነው አልኩ። ውስጡስ? ምንም። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ አንድ ሽማግሌ ባዶ ሣጥን አቅፋ አዲስ አበባ የምትሄድ ልጅ ገና ዛሬ አየሁ አሉ። እስከ አዲስ አበባ ሳቁብኝ እንጂ ማንም ሸተተኝ አላለም።

ረቡዕ

አውሮፕላኑ ውስጥ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንወርድ ወዲያው ሌላ ሰው መሰልኳቸው። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ፊቴን አየና «ከፊል የት አለ?» አለኝ፤ ከፊል ማለት የቤት ሠራተኛ አስመጥቶ ኃላፊ የሚሆንባት አሠሪ ነው። የፋብሪካውን የግብዣ ወረቀት ዘረጋሁለት። ሳያነበው ፓስፖርቴን ከሌሎች ፓስፖርቶች ላይ ደረበና ወደ ጥግ ጠቆመኝ። ጥጉ ላይ አንድ ዓይነት ሻሽ ያሰሩ የአገሬ ልጆች ወለል ላይ ተደርድረው የአስመጪ ቢሯቸውን ሰው ይጠብቃሉ።

ተቀመጥኩ። ምን አደርጋለሁ? አጠገቤ ያለችው ልጅ ከመቀነቷ ዳቦ ቆሎ አውጥታ እፍኝ ሰጠችኝ። የምገባበት ቤት ሕፃን አለው ወይ አለችኝ። እኔ ቤት አልገባም፣ ሣጥን ላሳይ ነው የመጣሁት አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ያዘነችልኝ መሰለኝ። «እንደሱ ብለው ነው የላኩሽ?» አለች። የፋብሪካዋ ሩላ በስልክ ከሰውዬው ጋር ተነጋግራ ስታስለቅቀኝ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ዳቦ ቆሎው ግን እስከ ከተማ አብሮኝ ነበር፤ ቁርሴ እሱ ሆነ።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፣ ጉድጓድ የለውም። ሜዳው ግን ራቁቱን ነው። የኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ መሬት ቢያይ «ምን በልተው ያድራሉ?» ይላል። ከተማው ሲመጣ ደግሞ ኮረብታ በኮረብታ ላይ፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ድንጋይ።

ዙበይዳ አውቶቡሱ የሚያወርድበት አደባባይ ላይ ጠብቃኛለች። ዙበይዳ የጎረቤታችን የሐጂ ከማል ልጅ ናት፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው አገር የለቀቀችው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ እያደረች ሠራች፣ አሁን ወረቀቷን አስተካክላ ስዌይለህ በሚባል የአማን ሰፈር ክፍል ተከራይታ የሰው አፓርታማ እየዞረች ታጸዳለች። አቀፈችኝና «ወፈር ትያለሽ ብዬ ነበር» አለች። እሷ ራሷ እጇ ተልጧል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ይህንኑ ነገርኳት። «ምላስሽ እንዳለ ነው» ብላ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ።

ክፍሏ ከደረጃ ሥር ናት። አንድ ጆግ ውኃ ሰጠችኝና ለፊትሽ ነው፣ ለእግርሽ ስትፈልጊ ንገሪኝ አለች። ውኃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ጣሪያ ላይ ታንከር ሞልተው እሱን ይቆጥባሉ። ያጠበችው ፎጣ ምስርና ዳቦ በልተን ሳንጨርስ ደረቀ። እኛ ቃጫችን አልደርቅ እያለ ሰማይ ስንለምን እንውላለን። ይህን ፀሐይ ብንዋሰው አልኩ።

ሐሙስ

ሳሃብ ከስዌይለህ ሲነሱ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ናት። መኪና ቀያይሬ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወንድ አጠገብ ልቀመጥ ስል ረዳቱ ጮኸ፤ ሰው አስነስቶ፣ ሰው አዟዙሮ፣ ከአንዲት አሮጊት ጎን አስቀመጠኝ። እኛ አገር የሦስት ሰው ወንበር ላይ አምስት ሆነን፣ ማን ከማን ጭን ላይ እንደሆነ ሳናውቅ ነው የምንሄደው። አሮጊቷ ካርቶኔን አይታ ከቦርሳዋ አንድ ብርቱካን ሰጠችኝ።

ፋብሪካው የጽጌረዳ ውኃና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ሩላ የባለቤቱ ልጅ ናት፣ የሣጥኖቹን ንድፍ የምታወጣው እሷ ናት። ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። የሣጥኑን ጎን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጉንጯ ላይ አሸች፣ ብርሃን ላይ ያዘችው። «የፕላስቲኩን ወርቅ የሚያስረሳ» አለች። ከዚያ ክዳኑን ከፈተች፤ ከዚያ ያለችውን ነግሬአችኋለሁ።

የመለስኩላት መልስ ጥሩ አልነበረም። ሣጥኑ ሳይሆን አፍንጫሽ ነው አልኳት። እሷ አልተቆጣችም፤ ከማሸጊያው ክፍል ሁለት ሴቶች ጠርታ አስሸተተቻቸው። አንዷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሌላዋ በትህትና ሻርፗን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። እኔም ሣጥኑ ውስጥ ፊቴን ከትቼ ሳብኩ። የሸተተኝ ሣጥን ነው፤ ቤታችን ነው።

ሩላ ያለችው ባጭሩ ይህ ነው፤ እሁድ ከአባቷ ጋር ተቀምጠው የበጋውን ሠርግ ሣጥን ይመርጣሉ (በጋቸው የኛ ክረምት ነው)፣ እስከዚያ የማይሸት ካመጣሁ ታየዋለች። እሁድ ማታ ደግሞ የኔ በረራ ነው። ስመለስ አውቶቡስ ሁሉ የሞላ ነበር። ቆሜ፣ ካርቶኑን በራሴ ቁመት ልክ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩ። ያን ቀን አማን ምን እንደምትመስል ብትጠይቁኝ አላውቅም።

አርብ

አርብ ዙበይዳ የምታርፍበት ቀን ነው። ነገሩን ስነግራት ሣጥኑን ሳታየው ነገረኞች ናቸው አለች፣ ሊያስቀንሱ ነው አለች። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ መስማት ነበርና ተስማማን።

ቀትር ላይ ከላይ የሚኖሩት አከራይዋ ኡም ኻሊድ በሩን በእግራቸው ገፉት፤ እጃቸው ላይ ትልቅ ትሪ አለ። መንሰፍ ነው፤ ሩዝ ላይ የበግ ሥጋ፣ ከላዩ ደርቆ የከረመ እርጎ ተበጥብጦ የሚፈስስበት። አርብ አርብ ለዙበይዳ ያመጡላታል። ትሪው ገና ወለሉ ላይ ሳይቀመጥ የፍየል ጋጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«ይሸታል» አልኩ በአማርኛ።

«ምኑ?» አለች ዙበይዳ፣ እጇን ሰደድ አድርጋ።

«እርጎው። አይሸትሽም?»

አልሸተታትም። ጎረሰች፣ አሸተተች፣ እንደገና ጎረሰች። መጀመሪያ የሠራችበት ቤት ይህን ስታፈላ ትንፋሿን ይዛ እንደነበር፣ አሠሪዋ መዳም እየሳቀችባት እንደነበር አወራችልኝ። አሁን አርብ ካልበላችው ቅር ይላታል። ይህን እያወራች ጉርሻዋን ይዛ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ሁለታችንም ወደ ካርቶኑ አየን።

እጇን ታጥባ «ሣጥኑን አምጪው» አለች።

እንደ ሩላ አይደለም ያሸተተችው። መጀመሪያ ለቀለም ማሳያ ይዤ ከመጣሁት ያልተጣበቁ የቃጫ ሉሆች አንዱን አሸተተች፤ ምንም። ኮባውን፤ ሣር ነው አለች። ከዚያ የሣጥኑን ማዕዘን፣ ማጣበቂያው ያለበትን። እዚያ ላይ ቆየች።

«ቡላ ነው» አለች። «የኮመጠጠ ቡላ።»

ወዲያው ገባኝ። እትዬ ብርነሽ የማጣበቂያ እንስራ አላቸው። አዲሱ ቡላ በአሮጌው ላይ እየተጨመረ ይከርማል፣ ተጠርጎ አይደፋም፣ ማንም እንዲያጥበው አይፈቀድም። የኮመጠጠ ቡላ እንደ ሚስማር ይይዛል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይይዛል። ሁላችንም ከእንስራው አጠገብ እንውላለን። ለእኛ የሚሸት ነገር የለም።

ዙበይዳ ሣጥኑን ወዲያው አልመለሰችልኝም። ክዳኑን ከፍታ ያዘችው። «እኔ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል» አለች። «ሙሽራ ግን በዚህ ለውዝ አትበላም።»

በቡላው ፈንታ ከጥግ ሱቅ ነሻ ገዛን፤ የበቆሎ ዱቄት ነው፣ ነጭ፣ ምንም ሽታ የሌለው። ድስት ላይ እያማሰልን ሳለ ኡም ኻሊድ ትሪያቸውን ሊወስዱ ገቡ። ድስቱን አዩ፣ ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱ፣ ፊታቸው ተኮማተረ። ምንም ሳይሉ ወጡ። ተቆጡ ብለን ስንፈራ በአንድ ብርጭቆ ስኳርና በጽጌረዳ ውኃ ተመለሱ፤ ከዚያ ዱቄት ጣፋጭ ነው የሚሠሩት፣ እኛ ምስኪኖቹ ስኳር ያጣን መስሏቸው ነው። ዙበይዳ ሙጫ ነው ብትላቸው አላመኑም። በግማሹ ጣፋጭ ሠርተውልን ሄዱ። በቀረው ሉሆቹን አጣብቀን የዙበይዳን ድስቶች ጫንንባቸው።

ቅዳሜ

ዙበይዳ ስዌፍየህ የምታጸዳቸው ሁለት አፓርታማዎች ነበሯት፤ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ስታጸዳ እኔ የሱቅ መስኮት ሳይ ዋልኩ። ስዌፍየህ የሀብታም መገበያ ነው። የጣፋጭ ሱቆቹ ሣጥን ከውስጡ ነገር ይበልጣል፤ ከፋይ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ዕንቁ፣ ማግኔት ያለው ክዳን። ከአንዱ ሱቅ ጀርባ ግን የቆሻሻ ገንዳው ውስጥ እነዚያው ሣጥኖች፣ አንዴ ተከፍተው፣ ዕንቁአቸው እንዳለ ወድቀው አየሁ። እኛ ሰፈር ቢሆን አንዷ የክር፣ አንዷ የመድኃኒት፣ አንዷ የመታወቂያ ማስቀመጫ ታደርጋቸው ነበር። አንዱን አንስቼ ማዕዘኑ እንዴት እንደተሠራ ሳይ ሻጩ ወጣና በእጁ ገፋ ገፋ እያደረገ ሥራ የለም አለኝ። እኔም ሥራ አልፈልግም፣ ሣጥንህ መጥፎ ነው አልኩት በአማርኛ። እግሬ ዝሎ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዙበይዳን ጠበቅሁ።

ክፍላችን ገብተን ድስቶቹን ስናነሳ ሣጥኖቹ እንደ አበባ ተከፈቱ። ሽታ የለም፤ መያዝም የለም። በዚያ ደረቅ አየር ነሻው ተሰነጣጥቆ ማዕዘኖቹ በሙሉ ለቀዋል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዙበይዳ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ተጋደመች። ለእትዬ ብርነሽ ደወልኩ።

ሣጥኑ ይሸታል ብለዋል አልኳቸው፤ ከማጣበቂያው ነው አልኳቸው፤ እንስራው መታጠብ አለበት አልኳቸው። ሦስቱንም ሳልተነፍስ።

«ማነው ያለው?» አሉ።

«የፋብሪካው ሰዎች።»

«አንቺስ ሸተተሽ?»

«እኔ አይሸተኝም።»

«ታዲያ?»

«ዙበይዳ ሸቷታል።»

ዙበይዳ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። የሐጂ ከማል አልኩ። የሐጂ ከማልን ሚስት፣ እህቶቿን፣ የእንሰት ጓሯቸውን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ሚስቲቱ ስትወልድም ልጅ ስትድርም ቡላዋ የተመሰገነ ሴት ነበረች አሉ።

«የሷ ልጅ ከሸተታት ይሸታል» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ወርዷል። «ታዲያ ማዕዘኑ አልያዝ አለ ብለሽ ታለቅሺያለሽ? ስፊዋ። ቃጫ ይዘሽ መስፋት ጠፋሽ?»

ከሉሁ ጫፍ ክር መዘዝን። የዙበይዳ መርፌ ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ተሰበረ። ኡም ኻሊድ ፍራሽ የሚሰፉበትን ረጅም መርፌ አምጥተው፣ ይኼም ለምግብ ነው ወይ ብለው አሾፉብን፤ ከዚያ ራሳቸው ተቀምጠው ክሩን ሰም እየቀቡ ሰጡን። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲባል አንድ ሣጥን ነበረን። ስፌቱ ማዕዘኑ ላይ ተሻግሮ ተሻግሮ ወርዷል። ጣቴ ደምቷል። ያምራል።

እሁድ

እሁድ እዚያ የሥራ ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነጠላ የለበሰ ሰው ሳላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዙበይዳ የዚያን ቀን አሠሪዋን አስፈቅዳ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ መጣች። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ሩላ ሣጥኑን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አሸተተች። ሻርፕ የሳበችውን ሴትዮም ጠራቻት፤ ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፣ የለም ማለቷ ነው። ሩላ ግን አላበቃችም። ለውዝ ሞላችበት፣ ዘጋችው፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እኛ ሻይ ጠጣን። ሲሞቅ ከፈተችና አንድ ለራሷ ወሰደች፣ አንድ ለዙበይዳ ሰጠች። እኔን ዘለለችኝ፤ ልክ ናት። ዙበይዳ ዓይኗን ጨፍና አኘከች።

«ስኳር ነው» አለች፣ መጀመሪያ በአረብኛ፣ ከዚያ ለኔ። «ስኳር ብቻ።»

የሩላ አባት ገቡ። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ሄዱበትና አንዱን ለመስፋት ስንት ጊዜ ይፈጃል አሉ። ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ መግሪብ ነው አልኩ፤ ስንለምደው ያጥራል፣ ግን ብዙ አያጥርም። ዙበይዳ ስትተረጉም እያየችኝ ነበር፣ ትንሽ ብትዋሺ ምን አለበት የምትል ይመስላል። አባትና ልጅ ተነጋገሩ። ሩላ ወደ እኔ ዞረች። ለእንግዶቹ ሁሉ ይህን ሣጥን መስጠት አይቻልም አለች፤ በእጅ የሚሰፋ ነገር አይደርስም። ለሙሽሮቹ ጠረጴዛ ብቻ ትወስደዋለች። ለእንግዶቹ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። ለበጋው ሠርግ ይደርሳል ወይ?

«ክረምት ከገባ ቃጫ አይደርቅም» አልኩ። «ከሰኔ በፊት ያዘዛችሁትን እንልካለን። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም አትጠብቁን።»

ዙበይዳ ተረጎመች። ኢንሻላህ የሚለውን ሰማሁ።

«እኔ ኢንሻላህ አልኩሽ እንዴ?» አልኳት። «አትጠብቁን ነው ያልኩት። በይላት።»

ሩላ ሳይተረጎምላት ሳቀች። «ገብቶኛል» አለች። አባቷም እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ከፋብሪካው በር ላይ ለእትዬ ብርነሽ ደወልኩ። ወሰዱት አልኳቸው። ተመስገን አሉ። ለሙሽሮች ብቻ ነው አልኳቸው፣ የጠበቅነውን ያህል አይደለም።

«ለሁላችን ይበቃል?»

«አይበቃም። ለግማሻችን።»

ከበስተጀርባቸው የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል፤ ሴቶቹ እየወቀጡ ነው። እትዬ ብርነሽ ስልኩን ይዘው ወደ ውጭ እንደወጡ ድምፁ ሲርቅ አወቅሁ።

«ማን እንደሚቀር እኔ አልመርጥም» አሉ። «ሁሉንም ክርስትና አንስቻለሁ፣ ድሬአለሁ። ስትመጪ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ፊት ለፊት የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ዙበይዳ ምን አሉ አለችኝ። በሰላም ነይ አሉኝ አልኳት።

ሻንጣዬን ከክፍሏ ወስደን የተሳፈርንበት ታክሲ መጀመሪያ እኔን አየር ማረፊያ አደረሰ። ዙበይዳ ማታ የምታጸዳው ቤት ስለነበራት አልወረደችም፤ በመስኮት የኡም ኻሊድን ጣፋጭ በዕቃ አድርጋ ሰጠችኝና ዕቃውን መልሺልኝ አላለችም። ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ።